ስልኩን ወደ መኪናው አስጠጊው

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ ካለሁበት ሆኜ ባለሽበት ሰላም ብያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከጎረምሳ አያንስም።

ሱቁን ከለቀቅን ወዲህ ልብስ ሰፊዎቼ በየቤታቸው ነው የሚሠሩት። እንዴት እንደምቆጣጠራቸው ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ጠዋት እደውልና «ስልኩን ወደ መኪናው አስጠጊው» እላለሁ። ማን እንደሚሰፋ፣ ማን ወሬ እንደያዘ ከስፌት መኪናው ድምፅ እለያለሁ።

ሰሞኑን ግን ሁሉም ሰነፉብኝ። ለቀልደኛዋ ኮት ሰፊ ብደውል የመኪና ድምፅ የለም። «ተኝተሻል» አልኳት። እሷም እየጮኸች «ኧረ አባባ፣ እየሰፋሁ ነው፤ ጎረቤት እንኳ ተማረረብኝ» አለች። ውሸታም ብዬ አባረርኳት። በማግስቱ ኮቶቹን ጨርሳ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለቻቸው። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለችኝ ግን አልጠየቅኳትም።

ጥፋቱ የስልኩ ነው። ሌላ ገዛሁ፤ እሱም ያው ነው። የዘንድሮ ዕቃ ምን ይረባል። እህትሽ ደግሞ ሐኪም ቤት ካልሄድን ብላ ነዘነዘችኝ። ለተበላሸ ስልክ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? አልሄድም ብያታለሁ።

አንቺም ከእንግዲህ አትደውዪ፤ ለስልኩ የምታወጪው ይቅርብሽ፤ ጻፊልኝ። ባለፈው ልጅሽ አፍ ፈታ ብለሽ ስልኩን ስትሰጪው፣ እኔ ዝም ብዬ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ስል ነበር። ምን እንዳለኝ በጉልህ ፊደል ጻፊልኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ በእኔ ስም አቅፈሽ ሳሚልኝ።

አባትሽ