የምኩራቡ መንገድ

ሞሱል፣ ጥቅምት 1905

ውድ ወዳጄ አቡዲ፣

ይህች የፖስታ ካርድ ጠባብ ናትና በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። እዚህ ዘኑን አጋ የሚባል ባለጸጋ የከብት በረት ሠርቶ ወደ ምኩራባችን የሚያስገባውን መንገድ ዘጋው። ወገኖቻችን ቃዲው ዘንድ ከሰሱት፤ እኔም ልቤ እየፈራ አብሬያቸው ገባሁ። አጋው "እዚያ መንገድ ኖሮ አያውቅም!" ብሎ ሲምል፣ የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ሙላህ ዩኑስ ብድግ አሉ።

"ነበረ እንጂ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሲመላለሱበት አይቻለሁ።"

አጋው ዓይኑ ፈጠጠ። "አንተ ሰው፣ ልጆቻችን ተጋብተው ሳለ ለአይሁድ ትመሰክርብኛለህ?"

"ለልጅህ ልጄን ዳርኩለት እንጂ ምላሴን አልዳርኩለትም!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ቃዲው ግን ሳይስቁ፣ "እነዚህ ሰዎች የሃይማኖታችን አደራ ናቸው። በረቱን በገዛ እጅህ አፍርስ" ብለው ፈረዱ። አፈረሰም። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው መንገድ ወደ ጸሎት ስናልፍ አጋው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ እንደተኮሳተረ ቢሆንም ሰላምታችንን መለሰልን።

አንተ ባለህበት በባስራ የመቃብር ቦታችን በር ከተዘጋ ወዲህ "ዝም ይሻላል፣ ማን ይሰማናል?" ትለኛለህ። ይሰሙናል፣ አቡዲ! እኔ እስክመለስ አትጠብቅ፤ በሩን የዘጋውን ሰው ዛሬውኑ ክሰስ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንንም ሳትፈራ ለምስክርነት ጥራ።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን የእማማ ፋርሃን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለአባትህ ሙት ዓመት ወደ መቃብሩ በአጥር ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ ይገባሉ በላቸው።

ያንተው መናሼ