ሙሉነሽ የተቀበለችበት ዘፈን

ታኅሣሥ 2

ብርድ። የማሲንቆዬ ጭራ ተበጠሰ። ከጎረቤቴ ከነጋ ፈረስ ነጨሁ።
«ጋሽ ትዕዛዙ፣ ፈረሴን መላጣ ሊያደርጉት ነው!»
በየዓመቱ እንዲሁ ይላል። ፈረሱ አልተመለጠም።

ታኅሣሥ 5

ዘፈኖቼን የማወጣበት የኢንተርኔት ገጼ ጠፋ። ሙዚቃ ቤት ያለው ይሄይስ ነበር በስልክ የከፈተልኝ። የማይታወቅ ሰው ሰብሮ ገባ አሉ... ዘፈኖቼን አጥፍቶ ጫማ ይሸጥበታል። ፎቶዬን ግን አላነሳውም። ከጫማው በላይ ቁጭ ብያለሁ።

ሌላው ይቅር። የሙሉነሽስ? ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ። እየተቀበለችኝ የዘፈነችበት አንድ ካሴት ነበረኝ። ይሄይስ ወደ ገጹ ሲያስገባው፣ «እንግዲህ እዚያ አለ» ብዬ በካሴቱ ላይ ሌላ ቀዳሁበት። ማን አዘዘኝ? ማንም።

ታኅሣሥ 9

ልጄ ምሕረት ከዳንግላ መጣች።
«አባ፣ በሰው ግቢ ስለተከሉ ነው። የራስዎ ድረ ገጽ ይኑርዎት። የፈለገዎት ሰው ቀጥታ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ቅጂውንም እኔ አስቀምጣለሁ።»
«ለስልክ አልዘፍንም። ግጥም የሚሰጠኝ ሰው ከፊቴ ከሌለ ምኑን እዘፍናለሁ?»
«ግጥም የሚሰጡበት ቦታ እሠራልዎታለሁ።»
«ማን ነው የሚሰጠኝ?»
«የሚወድዎት። ካለ!»
ምላሷ የእናቷ ነው።

ጥር 4

ተከፈተ። ከታች «ተቀበል» የሚል ቦታ አለው። ሰው ግጥሙን ይጽፋል፣ እዘፍነዋለሁ፣ ምሕረት ቀድታ ታወጣዋለች።
ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ብዬ አልነበር?

ጥር 11

አሥራ አራት ግጥም! አንዱ በአገውኛ። አንድ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ በቅሎውን አወድሱልኝ ይላል። ሁለቱ ቤት አይመቱም፤ መልሱላቸው አልኩ።
«አባ፣ አድናቂዎችዎ እኮ ናቸው!»
«አድናቂም ቤት ይምታ።»

ጥር 19

ከጥሊሊ፣ ሸጋ የምትባል ሴት ጽፋለች። «ጋሼ፣ በዚያኛው ገጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አጣሁ። በሠርጌ ከባለቤትዎ ጋር ዘፍነዋል። አባቴ ቀድቶት ነበር። ካሴቱን ላምጣልዎት?»
መቀዳቱንም አላውቅ። ምሕረትን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት።

ጥር 23

የአገው ፈረሰኞች በዓል ቀን። ነጋ ፈረሱን ሸልሞ ሲጠራኝ አልወጣሁም። ሸጋ በሚኒባስ መጣች፤ ይሄይስ ቴፕ አመጣ።

ድምፄ ያን ጊዜ ቀጭን ነበር። ቀጥሎ ሙሉነሽ... መሀል ላይ ሳቀች። «ተሳሳትክ!» አለችኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አሁን ትዝ አለኝ። ተቆጥቼ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። ሳምንት!
«ደግመሽ ክፈቺው» አልኩ ምሕረትን። ደግማ ከፈተች። ግጥሙን በእርግጥም ስቻለሁ።
«አባ፣ ሳቋን ቆርጬ ላውጣው?»
«እንዳትነኪው!»
ሸጋን አመሰገንኩ። ጎንበስ ብዬም እጇን ሳምኩ። እሷም ደነገጠች።

ጥር 25

ካሴቱን ለሸጋ መለስኩ። ቅጂው ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ተመስገን።

ዘፈኑ ድረ ገጹ ላይ ወጣ። ርእሱን እኔ ነኝ ያጻፍኩት፦ «ትዕዛዙና ሙሉነሽ። የተሳሳተው ትዕዛዙ ነው።»