እንሰት መፋቂያውና ቢጫው ጀሪካን

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ዛሬም ብየዳ ቤት። ሦስተኛ ቀን። በያጁ ዳና በርሜሉን በብረት መቁረጫው ፍሌክስ ይቆርጣል፣ እኔ ሥዕሌን ይዤ እቆማለሁ። ሥዕሉን የሚያይ የለም። አንዴ ዳና ከእጄ ወሰደው። ደስ አለኝ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።

ምን እንደምንሠራ አልነገርኩሽም፣ ደብተሬ። እንሰት መፋቂያ። ገሱባ አጠገብ ያለ የሴቶች ማኅበር ከጽ/ቤታችን አንድ አነስተኛ ትራክተር በሙከራ ወስዷል። ትራክተሩ የሚያርስበት ጊዜ አጭር ነው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ ይከርማል። ስለዚህ ከኋላው ጥርስ ያለው በርሜል ይቀጠልለታል። የሞተሩ ኃይል በካርዳን፣ በሚሽከረከር ረጅም ዘንግ፣ ወደ በርሜሉ ይሄዳል፣ በርሜሉ ይዞራል፣ ሴቶቹ በቀርከሃ ፍልጭ ቀኑን ሙሉ የሚፍቁትን በአንድ ጠዋት ይፍቃል። ሐሳቡ የእኔ ነው። ሙከራው ከተሳካ ትራክተሩ እነሱ ዘንድ ይቀራል። ካልተሳካ ወደ ግቢያችን ተመልሶ ዶሮ ይሰፍርበታል።

የሶዶ ፈጣሪዎችን ግን ጉድ ልንገርሽ። አንዱ ከአልጋ ብረት የድንች መንቀያ ሠርቶ ትራክተር ላይ ቀጠለ። ድንቹን እየከተፈ አወጣው። ሌላው ለሾፌሩ ከሚኒባስ ወንበር ባለ ጥላ መቀመጫ በየደ። ጥላው ዛሬም አለ፣ ትራክተሩ ግን ገደል ገብቷል። ሁለቱም ማሽናቸውን ተደግፈው ፎቶ ተነስተዋል። እኔ ዲግሪ አለኝ። ከእነሱ ጋር መሰለፌ ያናድደኛል።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ዳና ሁለት ነገር ጨምሯል። ሳያስፈቅድ።

አንደኛው፦ የዘይት ጀሪካን፣ ቢጫውን፣ ለሁለት ሰንጥቆ ካርዳኑን አልብሶታል። በሽቦ አስሮ። የታመመ እግር ይመስላል። ሁለተኛው፦ ካርዳኑ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ቀዳዳ ውስጥ ብሎን መሆን ሲገባው የአናጢ ምስማር አስገብቷል። ጫፉን አጥፎታል። ምስማር! ፑሌጃውን ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ኩሽኔታውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ መጨረሻ ላይ የቆርቆሮ ቤት ምስማር።

ጀሪካኑ ምንድነው አልኩት። ለልብስ ነው አለ። ማለቱ፣ የሚዞረው ብረት የሰው ልብስ እንዳይዝ። ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና እንሰጣለን አልኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንስቶ አየኝ፣ መልሶ አወረደው። በወላይትኛ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ተናገረ። ሁለቱም አልሳቁም። ይህ ከሳቅ ይብሳል።

ማክሰኞ ሙከራው ነው። አስተባባሪያችን እንግዶች ይዞ ይመጣል። ቢጫ ጀሪካን አላሳያቸውም።

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ገሱባ ደርሼ እንደተመለስኩ

መንገዱ ወገቤን ቆረጠኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሥዕሉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የቤት ፕላን መስሎት ስንት ክፍል አለው አለኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ወ/ሮ ታደለች ናቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ሥዕሉን አዙረው አዙረው ካዩ በኋላ ጠየቁኝ፦

«ኢንጂነር፣ እኔ የት ነኝ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀስቱን አሳየኋቸው። «ማስገቢያ» የሚል ተጽፎበታል። እዚህ ቆመው ግልጣጩን፣ ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን፣ ያስገባሉ አልኳቸው። እኛ ስንፍቅ እንቀመጣለን አሉ። ማሽን ቆመው ነው የሚሠሩበት አልኩ። እሳቸው ግን እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። የሚነግሩኝ እንዳስተካክል አልነበረም። እንዳውቀው ብቻ።

የትራክተሩ ሾፌር ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ወጣት አይደለም፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ግን እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ እንዴት ይቀመጣል ብሎ ተሸማቀቀ። ሞተሩን አስነስቶ ከአጥር ወዲያ ሊሄድ ፈለገ። ከመቀመጫው እንዳይወርድ አዘዝኩት። እሺ አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። በዚህ ዘመን!

ጥር 24፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

መዝሙር ላይ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ትላንት ዳናን ጀሪካኑን እንዲያነሳና ሁሉንም አረንጓዴ እንዲቀባው አዘዝኩት። ምስማሩን በብረት ብሎን እንዲተካው ጭምር። «እሺ፣ ኢንጂነር።» እንደዚህ ብሎ የሚጠራኝ ሲንቀኝ ነው።

ካርዳኑ አሁን አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ያምራል። ሥዕሌን መሰለ።

ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ስሙን አላውቀውም። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደቦ ገብታ እንሰት ስትፍቅ እኔን ከጓሮ ያባርሩኝ ነበር። አባቴም መንገድ ዞሮ ነበር የሚገባው። እናቴ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፋ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ግልጣጩን በተረከዟ ጣውላው ላይ ይዛ። ይህን አየሁ ወይስ ሰማሁ? ብቻ ተቀምጣ ነበር። ይህንን እያወቅኩ ነው ለቆመ ሰው የሣልኩት።

ተይው። ጭንቀት ነው። ከትልቅ ሙከራ በፊት ሁሌ እንዲህ ነኝ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

እንግዶቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። አምስት ወንዶች፣ ጫማቸው የተወለወለ። አስተባባሪው ማሽኑን «የእኛ ልጅ ሥራ» አለው። እኔን ነው። ዳና ከትራክተሩ ጎማ አጠገብ ቆሟል። ሊያስተዋውቀው የፈለገ የለም። እኔም አልፈለግኩም።

ሴቶቹ ለእንግዳ ብለው ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ለሥራ ሌላ ጊዜ አይለብሱትም። ወ/ሮ ታደለች እንዳሉት አደረጉ፣ ቅጠል አንጥፈው ከካርዳኑ አጠገብ ተቀመጡ። ሥዕሌ ላይ ካርዳኑ በቆመ ሰው ጉልበት ልክ ነው። ለተቀመጠ ሰው ግን ትከሻ ነው። ይህን ያየሁት ያኔ ነው። አፌን አልከፈትኩም። እንግዶቹ ፎቶ ያነሱ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። በርሜሉ ዞረ። ግልጣጩ ገባ፣ ነጩ ፍቅፋቂ ወጣ። ሴቶቹ ተገረሙ። እኔም፣ እውነት ለመናገር።

ከዚያ ወንዶቹ ዞርን። ማንም አላዘዘንም። እንግዶቹ ስለ ገበያ እያወሩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አደረጉ። አስተባባሪው እንደዚሁ። እኔም። ባለ ዲግሪው። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ማፍጠጥ ነውር ስለሆነ እግሬ ራሱ አዞረኝ። ምሕረቱም መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን፣ አንገቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመልስ። የሚያይ ወንድ አልነበረም። ሞተሩን የሚያጠፋው ደግሞ ወንድ ነው።

ጩኸት ሰማን። ቀጥሎ ቀጭን የብረት ድምፅ፣ ጧ። ካርዳኑም በርሜሉም ቆሙ፣ ሞተሩ ግን ይጮኻል።

የወ/ሮ ታደለች ነጠላ አረንጓዴው ካርዳን ላይ ተጠምጥሟል። አንገታቸው ብረቱ ጋ ደርሷል። ዳና ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ። አንዷ ሴት በእንሰት መቁረጫው ቢላዋ ነጠላውን ቆረጠችው። ምሕረቱ አሁንም ወደ ፊት እያየ «ላጥፋ?» ይላል።

ጥር 27፣ ረቡዕ፣ ሶዶ፣ ሆስፒታል በር ላይ

በሕይወት አሉ። የአንገት ሥር አጥንታቸው ተሰንጥቋል፣ ቆዳቸው ተልጧል። ሐኪሙ ብረቱ አንድ ዙር ቢጨምር ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ።

ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ብርቱካን ይዞ የሚመጣ? ደረታቸው ላይ ያለውን ፋሻ ሳላይ ለማውራት ሞከርኩ። እሳቸው ግን አጠር አድርገው፦

«ለልኬት የመጣ ዕለት ጀሪካኗን ዳና አሳይቶን ነበር። መልሳት። ትራክተሩን ግን እንዳታስወስድብን፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። ኢንጂነር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አስተባባሪው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ሪፖርቱን እኔ እንድጽፍ፣ ምክንያቱም «የተጠቃሚ የጥንቃቄ ጉድለት» እንዲሆን። በሥራ ቦታ ነጠላ መልበስ፣ መመሪያ ጥሶ መቀመጥ። ትራክተሩ ከማኅበሩ ይመለሳል። ማሽኑ ንድፉ ጥሩ ነውና ለሌላ ወረዳ ይሰጣል፣ በእኔ ስም።

ቃላቱን እያማረጠ ሲናገር ናቅኩት። ካልሲው ከሱሪው ጋር እንኳ አይሄድም። ሰውየው ግን አንድ ነገር አወቀብኝ። «በእኔ ስም» ሲል ጀርባዬ ቀና አለ። ተሰማኝ። እሱም አየ።

አስብበታለሁ አልኩ። ይህን ቃል የሚሉ ሰዎችን ስንት ጊዜ ሰድቤልሻለሁ፣ ደብተሬ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ምስማሩን ይዤ። ማለቴ ግማሹን፤ ማክሰኞ ከመሬት አንስቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። ለሁለት ተቆርጧል፣ ንጹሕ አቆራረጥ። በብሎን ቀይረው ያልኩት ምስማር። አልቀየረውም።

ለምን አልቀየርከውም አልኩት። የማውቀውን ነገር ለምን እንደምጠይቅ አላውቅም። ዳና ጭንብሉን ሳያነሳ መለሰ፦

«ብሎን ባስር ኖሮ ማን ነበር የሚሰበረው?»

እንሰቱ ቃጫ ሲበዛበት ወይ ድንጋይ ሲገባ ምስማሩ ተሰብሮ ማሽኑን እንዲያድን ብሎ ነው ያደረገው። ሰው ያድናል ብሎ አላሰበም። ለሰው ያሰበው ጀሪካኑን ነበር። ይህን አልጨመረልኝም። እኔው ጨመርኩት።

ታዲያ ስነግርህ ለምን እሺ አልከኝ አልኩ። አሁን ሳቀ። እምቢ ብልህ ሥልጠና ትሰጠኝ ነበር አለ። ጎረቤቱም ሳቀ። ይገባኛል።

ጀሪካኑስ? ሚስቱ ወስዳ ችግኝ ታጠጣበታለች። ከእሷ እጅ አልቀበልም፣ የራስህን አምጣ አለኝ። በዚያውም ለተቀመጠች ሴት የሚሆን ቁመት ለክተህ ና፣ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድም እኔ እጇ ድረስ እስባለሁ፣ ወንዱ ይዙር አለ። ወንዱ ይዙር! እኔ የሦስት ሺህ ዓመት ልማድ በሥልጠና ልቀይር ነበር፤ እሱ በገመድ ጨረሰው።

እዚያው የቆሸሸው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ወረቀት አወጣሁ። መጀመሪያ ሴትየዋን ሣልኩ። የተቀመጠች። አንድ እግሯ ተነስቶ። እናቴን መሰለችኝ፣ መሣል መቻሌን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ብረቱን በእሷ ዙሪያ።

የካቲት 2፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ሪፖርቱ ሦስት መስመር ነው። ረጅሙን ቀደድኩት፣ ውስጡ ራሴን የማመስገን ሽታ ነበረው። ይኸው፦

«የካርዳኑ መከለያ በበያጁ ተሠርቶ ነበር። ለእንግዶች እንዲያምር ብዬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። የማኅበሩ አባላት ጥፋት የለባቸውም፤ ማሽኑ በተያያዘው አዲስ ሥዕል መሠረት እስኪስተካከል ትራክተሩ እነሱ ዘንድ እንዲቆይ እጠይቃለሁ።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ አስቀያሚ ሆኖ ወጣ። አስተባባሪው ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ጀግና አልሆንኩም። ማክሰኞ ዕለት አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር።

ወጥ ቤት ገባሁ። የዘይት ጀሪካናችን ቢጫ ነው፣ ግማሽ ድረስ አለው። ባለቤቴ ምን እየሠራህ ነው ትላለች ከመኝታ ቤት። ዘይቱን ወደ ውኃ ጠርሙሶች እየገለበጥኩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ሸሚዜም ላይ። ሁለት ጠርሙስ ሞላ። ሦስተኛው ይቀረዋል። ባጃጁ በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ከቢሮ በፊት ብየዳ ቤት ሄጄ ጀሪካኑን ለዳና እሰጠዋለሁ።