አንሶላውን የሚይዝልኝ

ውድ መስቀያዬ፣

ይህን ስም ያወጣሁልህ ቀን ትዝ ይልሃል? ነጩን አንሶላ በሁለት እጅህ ዘርግተህ፣ ፎቶ ከሚነሳው ሰውዬ በስተግራ ቆመህ፣ «ክንዴ ተገነጠለ እኮ፣ ቶሎ አንሺና ልረፍ!» ስትለኝ፣ «መስቀያ አያወራም» አልኩህ። ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የምወደው እሱን ነው። አሁን አንተ ወደብ ላይ በክሬን ኮንቴይነር ትሰቅላለህ፤ እኔ እዚህ ሳሎናችን ውስጥ አንሶላ የሚይዝልኝ አጥቼ ከግድግዳ ጋር እጣላለሁ።

እናትህ እማማ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራቸዋል። እኔም ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ አለሁ።

አንተ በሄድክ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጇን አሳምራ አልብሳ ይዛው መጣች። ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም፣ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና በፍላሽ ብልጭ አደረግኩበት። ፎቶውን ስሰጣት ዓይኗን አጥብባ አየችና፣ «አንቺ፣ ይሄ ከኋላው የቆመው ጥቁር ነገር ማነው? እኔ እኮ መንታ አልወለድኩም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጁ ጥላ ከልጁ በልጦ ተኮፍሷል። «ነገ ይዘሽው ነይ፣ ደግሜ አነሳዋለሁ» ብዬ ሸኘኋት። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለፎቶው ግን አልነበረም።

አንተ እያለህ ጥላ የሚባል ነገር አስጨንቆኝ አያውቅም። ሶፋውን የምትገፋው አንተ፣ መጋረጃውን የምታስተካክለው አንተ፣ አንሶላውን የምትይዘው አንተ፤ እኔ እንደ ንግሥት መጥቼ መጫን ብቻ ነበር። በማግስቱ ሳሎኑን ገለባበጥኩት። የምግብ ጠረጴዛው ኮሪደር ገባ። ወንበሩን ከግድግዳው አርቄ ክፍሉ መሃል አመጣሁት፤ ለካ ሰው ከግድግዳው ራቅ ሲል ጥላው ግድግዳ ላይ ሳይደርስ ወለሉ ላይ ይቀራል። የጣሪያው አምፖል ዓይን ሥር ስለሚያጠቁር አጠፋሁት። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ይቀመጥ! ብርሃኑን ለመስኮቱ ተውኩለት፣ በጎን እንዲመጣ፤ ፀሐይዋ እንዳትበረታበት ስስ መጋረጃውን ዘረጋሁበት። ልጁ ጥርት ብሎ ወጣ። ልብስ ሰፊዋም «እሰይ፣ አሁን ልጄን አገኘሁት» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

አንሶላው ግን አሸነፈኝ። መስኮቱ በቀኝ ሲያበራ ግራ ጉንጭ ይጨልማል፤ አንሶላው ብርሃኑን ተቀብሎ ካልመለሰለት ሰውየው በግማሽ ፊት ይቀራል። ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀልኩት፣ ተያይዘው ወደቁ። በሩ ላይ አሰርኩት፣ ሰው ገፍቶ ሲገባ ደንበኛዬ ላይ ተጠመጠመ። ይሄን ጊዜ እማማ «አምጪ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብለው ተነሱ። እሳቸው ደግሞ ሲያወሩ እጃቸው ይወርዳል፤ ወሬያቸው ሁሉ አንተ ነህ። «ልጄ እኮ ያን የሚያህል ብረት በአንድ ጣቱ ነው የሚያነሳው!» እያሉ አንሶላው ወለል ይጠርጋል። እየሳቅክ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ግን ሰውየው ፊቱን ሲያዞር ሳልነግርህ አብረኸው ትዞር ነበር። ናፍቀኸኛል። ማጉረምረምህ ሳይቀር ናፍቆኛል።

ባለፈው ስትደውል «ሁለት ዓመት ጨምር ብለውኛል፤ በወሩ መጨረሻ ልፈርም ነው፣ ምን ትያለሽ?» አልከኝ። «አንተ እንዳሰብከው» አልኩህ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ «ጎበዝ ልጅ። ከቤቱ የራቀ ሰው ልቡ መረበሽ የለበትም» አሉኝ። አንተ ደግሞ ልትዘጋ ስትል «ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ፈገግ ብለሽ» ብለኸኛል። እሱን ልነሳ ነው እንግዲህ ዛሬ ጠዋት የተቀመጥኩት።

የምትወደውን አረንጓዴ ሹራብ ለበስኩ። ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አድርጌ እማማን የሚጫኑትን አሳየኋቸው።

«አንሶላውን ማን ሊይዘው ነው?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እንዴ! ግራሽ ሊጨልም አይደል እንዴ?» አሁን እሳቸውም ባለሙያ ሆነዋል።

«ይጨልም፣ እማማ። ይጫኑት በቃ» አልኳቸው። ፈገግ ለማለት ሞክሬያለሁ፣ አንተ ስላልክ።

ሲጨርሱ ፎቶውን እዚያው ካሜራው ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ አዩት። «የፊትሽ ግማሹ የት ሄደ?» አሉኝ። «ወደብ ሄዷል» አልኳቸው። ለቀልድ ነበር ያልኩት፤ ሁለታችንም ግን አልሳቅንም። እማማ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን አንሶላ አነሱና አጣጥፈው መኝታ ቤት ገቡ፤ አልጋው ላይ፣ አንተ በምትተኛበት በኩል አስቀመጡት። ተመልሰው መጥተው «በይ ጻፊለት» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«በስልክ ያልሽውን አይደለም። ሌላውን» አሉና ፊታቸውን ሳያሳዩኝ ወደ ማድቤት ሄዱ።

ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልህ። መጀመሪያ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ እየው፤ ምንም ጥላ የለበትም። እሱን ብቻዬን ተምሬዋለሁ። ሶፋም እገፋለሁ፣ መጋረጃም እሰቅላለሁ፤ ቤትህ እንደቆመ ነው፣ ለእሱ አታስብ። ከዚያ ግራ ጉንጬን እየው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው እንዲቆም አልፈለግኩም።

«አንተ እንዳሰብከው» ያልኩህን እርሳው። አትፈርም። ና።

አንሶላውን አጥቤ እተኩሰዋለሁ። የመጣህ ዕለት እዚያው ወንበር ላይ ደግሜ እቀመጣለሁ፤ እማማ ይጫናሉ፣ አንተ ትይዝልኛለህ። ያን ቀን መስቀያው እንደ ልቡ ያውራ።

ፎቶ አንሺዋ ሚስትህ