ችሎቱን ለምን እንዳላሳየሁዎ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የጨው ነጋዴው ሙስጠፋ ነው። በፖስታ ብልከው ከእርስዎ በፊት የሚያነቡት ስላሉ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ሲደርስዎ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት፤ ለእናቴም እንደሚሆን አድርገው ይንገሯት። ጤናዬን ከጠየቁኝ ሰውነቴ ደኅና ነው። ደኅና ያልሆነውን ነው የምጽፍልዎ።

ከደብረ ታቦር አራት ቀን በበቅሎ ተጉዘው፣ የሦስት ቀን የይለፍ ወረቀት ይዘው ጎንደር ሲገቡ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገና ከበቅሎዎ ሳይወርዱ፣ "ልጄ፣ እንግዲህ የጎንደርን ችሎት ታሳየኛለህ" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከችሎቱ በቀር በከተማው ያለውን ሁሉ አሳየሁዎ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከአፌ አልሰሙትምና ልናገረው። በዚያ ችሎት፣ በጣሊያኑ ዳኛና በተከሳሹ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። "ጽሕፈት ቤት ወረቀት አመላልሳለሁ" ብዬ የላክሁላችሁ ውሸት ነው። ይፋግ ላይ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ እየፈለጥኩ ከጣሊያን አለቃዬ የለቀምኩት ቋንቋ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

እርስዎ ችሎት እንደሚወዱ የማያውቅ በአገራችን በጋፋት ዙሪያ የለም። ሌላው ሰው ከገበያ ሲመለስ የገዛውን ይናገራል፤ እርስዎ ማን ማንን እንደ ረታ ይናገራሉ። ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው፣ የኩታቸው ጫፍ እርስ በርስ ተቋጥሮ ዳኛ የሚፈልጉ ሁለት ተካሳሾች መንገድ ላይ ቢያገኙ፣ ነገራቸውን ሰምተው ሲጨርሱ ሟቹ ተቀብሮ የሚደርሱ ሰው ነዎት። እናቴ "ጣውንቴ ሙግት ናት" የምትለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ከችሎት ላርቅ ማሰቤ ራሱ ሞኝነት ነበር።

መጀመሪያ ፋሲል ግንብ ወሰድኩዎ። እኔ ሁለት ዓመት በሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ ማየቱን ትቼ ነበር። እርስዎ ጋቢዎን አደግድገው፣ መዳፍዎን ከኖራው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። "ጎበዞች ናቸው!" አሉ፣ ግንበኞቹ ትናንት ጨርሰው የሄዱ ይመስል። ቀጥለው ወደ ሰገነቱ እያዩ፣ "ንጉሡ በየትኛው መስኮት ሆነው ነበር ፍርድ የሚያዩት?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። "ሁለት ዓመት ተቀምጠህ ይህን አልጠየቅህም?" ብለው ታዘቡኝ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለምን። ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን መላእክት አንጋጠው ሲመለከቱ ዓይንዎ እንባ አቀረረ። "እነዚህ ሁሉ እያዩት ሰው እንዴት ይዋሻል?" አሉ ቀስ ብለው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ስንወጣ ግን ያው ነው፤ "ችሎቱስ?" አሉኝ። ዳኛው ታሟል አልኩዎ። "እግዜር ይማረው። ምክትል የለውም?" አሉኝ።

በማግስቱ ፒያሳን፣ ጣሊያን በሦስት ዓመት ያቆመውን አዲሱን ከተማ አሳየሁዎ። መንገዱ እውነትም ያምራል፤ እርስዎም አልካዱም። የጭነት መኪናውን ጎማ በዘንግዎ መታ መታ አድርገው "ጭድ አይበላ፣ አይታመም" ብለው አደነቁ። ሻይ ቤት ገብተን በብርጭቆ በረዶ ባስቀርብልዎ ግን ሳቁብኝ፤ "ጉና ላይ በክረምት ከሰማይ የሚወርድብንን እዚህ ሰው ወዶ ይጠጣዋል?" አሉ። ኤሌክትሪኩንም እፍ ብለው ሞከሩት። "እፍ ሲሉት እምቢ የሚል መብራት አይታዘዝም" ብለው ተዉት። እንዲህ እየተጫወትን ስንሄድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ለብቻዬ አግኝቼዎት አላውቅምና። ዞር ብለው "ችሎቱስ?" ባሉኝ ቁጥር ደግሞ ሌላ የማሳይዎ ነገር እፈልግ ነበር።

የሸሸሁት ጣሊያን በማገልገሌ ብቻ አፍሬ አይደለም። ባንዳ የሚለውን ስም ችዬው ነበር። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ተከሳሽ እንደ አገራችን ደንብ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ሲናገር፣ እኔም ቃል በቃል ስመልስ፣ ዳኛው ጠረጴዛውን መትቶ "አዎ ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳጠር ጀመርኩ። ሰው ምክንያቱን፣ መሐላውን፣ ምስክሩን ዘርዝሮ ሲጨርስ እኔ "አዎ ይላል" እላለሁ። ውሸት ጨምሬ አላውቅም፤ ስቀንስ ነው የኖርኩት። ጉዳዩ ቶሎ ያልቅለታልና ዳኛው ያመሰግነኛል። በዚህ ምክንያት ወኅኒ የወረዱ አሉ፤ የተሰቀሉም አሉ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲሉ እየሰማሁ አድጌ፣ የሰው ንግግር እያጠፋሁ እንጀራ በላሁ።

ሐሙስ ጠዋት የሁለት ቀን ፈቃዴ አልቆ ነበርና፣ ቤት ያከራየችኝን እቴነሽን "አባቴን ቁስቋም አሳልሚልኝ" ብያት ወደ ሥራ ሄድኩ። "ታቦትስ አገሬም አለ፤ ይልቅ ችሎቱ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" እንዳሏት በኋላ ነገረችኝ። እሷ ምን ታውቅ! "ፈንታሁን የሚውልበት አይደል እንዴ!" ብላ እጅዎን ይዛ አመጣችዎ። ከኋላ ገብተው ሲቆሙ አላየሁዎትም።

ተከሳሹ ደሳለኝ የሚባል የሐሙሲት ገበሬ ነበር። ከጎተራው ጠመንጃ ተገኝቶበታል። የዚህ ቅጣቱ ስቅላት እንደሆነ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል። ደሳለኝ ጋቢውን አጣፍቶ ተናገረ፤ "ጠመንጃው የሟች አባቴ ነው። ምላጩ ወልቋል፣ ጥይት የለውም፣ ወፍ አያስደነግጥም። አባቴ ካረፈ በመጪው ሐምሌ ዓመቱ ነው። የወንድ ልጅ ለቅሶ ያለ ጠመንጃው እንዴት ይለቀሳል? ሙት ዓመቱ ዕለት ለለቀስተኛው አውጥቼ ላሳይ፣ በማግስቱ በገዛ እጄ ላስረክብ ብዬ ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ይጠየቁ!" እያለ፣ እየማለ፣ አገሩን እየጠራ ብዙ ተናገረ። እኔ ወደ ዳኛው ዞሬ "ጠመንጃው ከቤቴ ነበር ይላል" አልኩ። ዳኛው ብዕሩን አነሳ።

"በሕግ አምላክ!"

ድምፅዎን ወዲያው አወቅሁት። ሊያስወጡዎ እጃቸውን የዘረጉት ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ የአገር ሰው ወታደሮች፣ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። በሕግ አምላክ ሲባል መቆምን እናታቸው ቤት የተማሩት ነውና የጣሊያን ደመወዝ አላስረሳቸውም። ደሳለኝም ቆመ፣ ጸሐፊውም ቆመ፤ ምን እንደ ተባለ ያልገባው ዳኛው ብቻ ነበር።

ወደ እኔ አዩ። ልጄ አላሉኝም፣ በስሜም አልጠሩኝም። "ጌታው አስተርጓሚ" አሉኝ፤ "ቋንቋውን አላውቅም። ይህ ሰው ግን የተናገረው ዳዊት ያስደግማል፤ አንቱ ያደረሱት አንድ ትንፋሽ ነው። ቀሪው የት ሄደ? ነገሩ የሰው ነፍስ ነው፤ ሙሉውን ያድርሱለት።"

አባቴ፣ አንቱ አሉኝ። በዘንግዎ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳኛው "ምን ይላል ሽማግሌው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አእምሮው የታወከ ነው" ብል ሁሉም ያልቅ ነበር፤ እርስዎ ወደ ውጭ፣ እኔ ወደ ሥራዬ፣ ደሳለኝ ወደ ገመዱ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ፊትዎን አየሁ። ዘንግዎን ተደግፈው፣ የማይሰሙትን ቋንቋ ለመስማት ጆሮዎን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ይጠብቁ ነበር። "አስተርጓሚው የተከሳሹን ቃል ቀንሷል ይላል። እውነቱን ነው፤ ቀንሻለሁ" አልኩት።

የዳኛው ፊት ደም መሰለ። እኔ ግን መልስ ሳልጠብቅ የደሳለኝን ቃል ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሙት ዓመቱን፣ ለቅሶውን፣ ነፍስ አባቱን፣ የማትደነግጠውን ወፍ እንኳ አልተውኩም። በመጨረሻ ጠመንጃው ከዕቃ ቤት እንዲመጣ ታዘዘ፤ እውነትም ምላጭ የለውም። ደሳለኝ ከስቅላት ተርፎ አምስት ዓመት ተፈረደበት። አምስት ዓመት ትንሽ አይደለም፤ ልጆቹ ግን አባት አላቸው።

አስካሪዎቹ ያኔውኑ ከከተማው ሲያስወጡዎ እኔን አላስጠጉኝም። በቅሎዎ ላይ ሆነው ዞር ብለው ፈለጉኝ፤ ከሩቅ ዓይን ለዓይን ተያየን። አንድ ጊዜ ራስዎን ነቀነቁልኝና ሄዱ። ስንብት ይሁን ይቅርታ አላወቅሁም፤ ይቅርታ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ካልሆነም አይቀየሙኝ፣ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ጎንደር ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አላት፤ እኔ ካየሁት ሁሉ ያስደነቀኝ ግን የሦስት ቀን ወረቀት በጉያው ይዞ የመጣው የጋፋት ገበሬ ነው። ይህን ሲሄዱ በአፌ ልነግርዎ እፈልግ ነበር። እኮራብዎታለሁ አባቴ። እንደ እርስዎ ያለ ደፋር ሰው አላውቅም።

አሁን የኔን ነገር ይስሙ። በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ፤ ችሎት አሳስተሃል ተብዬም ተከስሻለሁ። እቴነሽ ዋስ ሆናኝ ከቤቷ ነኝ፤ ከከተማው መውጣት ተከልክያለሁ። ጉዳዬ የሚታየው በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ቋንቋቸውን ስለማውቅ ራሴ አዎ ወይም አይደለም ብዬ እንድመልስ ነግረውኛል፤ እምቢ ብያለሁ። በአማርኛ፣ ቆሜ እናገራለሁ። በዚያ ቤት ያሳጠርኳቸውን ሰዎች፣ የማስታውሰውን ያህል፣ በየስማቸው እየጠራሁ ያሉትን ሁሉ እላለሁ። ቀን ከሌት ሳስታውስ ነው የሰነበትኩት፤ አሥራ አራት ሰው ደርሻለሁ። ይህ ነገር እኔን አያድነኝም፤ ያባብስብኛል እንጂ። የሞቱትንም አያስነሣ። ቢሆንም ቃላቸው አንድ ጊዜ ሙሉውን ከዚያ ቤት ይነገርላቸው።

በእኔ ቦታ አዲስ አስተርጓሚ ገብቷል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልጅ ያለው፣ እንደ እኔም ዳኛ የሚፈራ ሰው ይሆናል፤ አልፈርድበትም።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። የይለፍ ወረቀት ከሰጡዎ ይምጡ። እንዲሟገቱልኝ አይደለም፤ እንዲያድኑኝም አይደለም። ከሰዉ ኋላ ቆመው እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። እርስዎ ከሰሙኝ ቃሌ ደርሷል።

ልጅዎ
ፈንታሁን ሙላቴ