«ወንድሜን መሐላ ያዘው» ያልኩት ቃል እንዲነሣልኝ

ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳው ፍርድ ቤት ዳኛ
ሮቤ

አመልካች፦ ባዳሳ ነገሪ፣ የሲናና ገበሬ

ጉዳዩ፦ በታላቅ ወንድሜ በአቶ ረጋሳ ነገሪ ላይ በችሎት የሰጠሁት ቃል ተሰርዞ በአደባባይ እንዲነገርልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

1. በአባታችን መሬት ወሰን ስንካሰስ፣ ወንድሜ ወሰኑ ከኮሶው ዛፍ ሥር ያለው ድንጋይ መሆኑን ባለፈው ሚያዝያ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለ። በሰኔ ድምፁ ሻከረ፤ በመስከረም ጭራሽ ተዘጋ። በአገራችን በሐሰት የማለን ሰው መሐላው ይይዘዋል ይባላልና፣ እኔም በጥቅምቱ ችሎት «መሐላ ያዘው፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያሻል?» አልኩ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ደስ ብሎኝ ነበር።

2. ወንድሜ ዓምና በትልቁ አንጀቱ ነቀርሳ ተገኝቶበት አዲስ አበባ ተቀዶ ወጥቶለት ነበር። እስከ አውቶቡሱ በበቅሎዬ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ሰሞኑን የጎባው ሐኪም ዘመድ ይምጣ ስላሉ፣ ከእኔ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለውምና ሄድኩ። ድምፁን የዘጋው ያው የአንጀቱ ነቀርሳ ወደ ማንቁርቱ ተዛምቶ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለው እምብዛም አይታይም፤ ከጉሮሮው የተወሰደው ሥጋ ተመርምሮ ግን ከፊተኛው ጋር አንድ ሆኗል። ከእንግዲህ መድኃኒት የለውም።

3. ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሌ አገሩን አዳርሷል። ለወንድሜ ደቦ የሚወጣ ጠፍቶ ገብሱ ማሳው ላይ ረገፈ። ጠያቂም ከደጅ ይመለሳል። ከሁሉ የባሰው ግን ራሱም መሐላው እንደያዘው አመነ። ባለፈው እሑድ በሚስቱ በወይዘሮ ማናልበሽ ትከሻ ተደግፎ ወጥቶ፣ የወሰኑን ድንጋይ ወደ ራሱ ማሳ አንከባሎ መሬቱን ለእኔ ለቀቀልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ወሰኑ ኮሶው ሥር ነው። ስንካሰስም አውቀው ነበር።

ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሼ፣ እግሩ ላይ ወድቄ እውነቱን ነገርኩት። እሱ ግን ልታጽናናኝ ብለህ ነው እንደ ማለት ራሴን ዳብሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእኔን ቃል ከእንግዲህ አያምንም፤ የዳኛን ቃል ግን ያምናል።

ስለዚህ የየካቲቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ በቅርቡ የገበያ ቀን እንዲያስችሉልኝ እለምናለሁ። መሬቱ ለእሱ ይወሰን፤ የሚገባኝንም ቅጣት እቀበላለሁ። ወንድሜን በቃሬዛ ተሸክሜ አመጣዋለሁ። በሐሰት አለመማሉን ሕዝቡ ባለበት ጮክ ብለው ይንገሩልኝ። መናገር ነው እንጂ የተሳነው፣ መስማትስ ይሰማል።

አንገቴን ደፍቼ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር

ባዳሳ ነገሪ
(የጣት አሻራ)