ንጹሕ ሆኖ የመጣው ዜና

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት

ለምወድህ ባሌ ለአምላኩ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ደኅና ነኝ። እናትህ እማማ አደይም ደኅና ናቸው፤ የጤፍ አጨዳ ላይ ናቸው። ኔትወርክ ስለጠፋ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለጎረቤታችን ለጌታሁን ሰጥቼዋለሁ።

ስለ ቡሬ ስንዴ የጻፍከው ዜና ኔትወርኩ ሳይጠፋ ደርሶኛል። «እንደ ድሮው እረሚልኝ» ብለሃል። የማርመው አጣሁ። አንተ እኮ እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ አብረን ስንሠራ «ግ/ጽ/ቤት» እያልክ ስትጽፍ፣ «አድማጭ ይህን እንዴት ይስማው?» እያልኩ የምጮህብህ ሰው ነበርክ። ገና ያላስተዋወቅከውን ገበሬ «አርሶ አደሩ» ብለህ ትጀምራለህ። ሹም ካየህማ በየመስመሩ «ክቡር» ነው። አሁን «ግብርና ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ተዘርዝሯል፣ «አንድ አርሶ አደር» ተብሏል፣ ክቡር የሚባል አንድም የለም። ስንት ዓመት ያልገባህ ሕግ አዲስ አበባ በገባህ በሁለት ወር ገባህ?

አልገባህም። ሳምሪ ናት ያረመችው። ከእኔ በፊት አይታዋለች።

መጀመሪያ ስትደውል «አዘጋጃችን ወይዘሪት ሳምሪ» ነበር ያልከኝ። አሁን ሳምሪ ብቻ ሆናለች። ማዕረግ አንዴ ተጠርቶ ከዚያ በስም ብቻ የሚቀጠለው በዜና ነው እንጂ በሚስት ፊት አይደለም። ቀናሁ አምላኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ፤ እህል አልበላ ብሎኛል።

ሥራዋ ነው፣ ብታርም ምን አለበት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። ትናንት ግን በአንተ ወንበር የተቀመጠው አንዷለም ስለ ሽንዲ ገበያ የጻፈውን ይዞ መጣ። እንደ አንተው ክቡር በክቡር አድርጎታል። ለአንተ እንደማደርገው ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ኧረ ይብቃሽ፣ አፈርሁ እኮ!» አለ።

ሳቅን። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። የደነገጥኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እናንተም እዚያ እንዲህ ነው የምትስቁት?

አንዷለምን ከእንግዲህ ጽሑፉን ለባልደረባችን ለይታገሱ እንዲያሳይ ነግሬዋለሁ። አንተም የሚቀጥለውን ማንም ሳያየው ከነስሕተቱ ላክልኝ። ንጹሕ ሆኖ ከመጣ አንብቤ አልጨርሰውም።

እመቤታችን በወጣህበት ትጠብቅህ፤ ለገና በሰላም ታግባህ።

የመጀመሪያ አንባቢህ፣
ሠርክአዲስ